ፈተናው እውነት ተፈታኙን ይከተላል?

«አዳፕቲቭ» (እንደ ተፈታኙ መልስ ቀጣዩን ጥያቄ የሚመርጥ) የተባለ የኮምፒውተር ፈተና ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው ራሱን ያስተካክላል ማለት አይደለም። ምን ያህል እንደሚያስተካክል ይለካል።

የጥያቄ ክብደት (ምን ያህል ከባድ እንደሆነ) እና የተፈታኝ ችሎታ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። ሁለት ሰዎች ተፈትነው የአንዱ ችሎታ -1፣ የሌላው +1 ወጣ እንበል። የደረሷቸው ጥያቄዎች አማካይ ክብደት -0.9 እና +0.9 ከሆነ ፈተናው በደንብ ተከትሏቸዋል። -0.2 እና +0.2 ከሆነ ግን የተፈተኑት ተቀራራቢ ፈተና ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮሪሌሽን (ሁለት ነገሮች አብረው መውጣትና መውረዳቸውን የሚያሳይ ቁጥር) ብቻ ካያችሁ ሁለቱም ጥሩ ይመስላሉ፤ አቅጣጫው ልክ ነዋ! ስለዚህ የክብደቱን ስርጭት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ) ለችሎታው ስርጭት አካፍሉ፦ 0.9 እና 0.2። ልዩነቱ ያኔ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል።

አቅጣጫው ልክ እስከሆነ ድረስ፣ ውጤቱ ከዜሮ ተነስቶ ወደ 1 ሲጠጋ ፈተናው የበለጠ ይከተላል። «ስንት ይበቃል?» የሚለው ግን እንደ ጥያቄ ባንኩ (ጥያቄዎቹ የሚመረጡበት ስብስብ) ስፋትና እንደ ፈተናው ርዝመት ይለያያል።