ድሮሴራ አበባው ለምን ነጭ ሆነ? ቡና ላይ የተነሡ ግምቶችና እውነታው

ኬፕታውን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከልን። አንዱ ፖት ላይ ሮዝ አበባ አለ፣ ሌላው ላይ ነጭ። ተክሉ ግን አንድ ዓይነት ነው። ድሮሴራ ካፔንሲስ ይባላል፤ ነፍሳት አጥምዶ የሚበላ የደቡብ አፍሪካ ተክል። እሁድ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቡና ላይ፣ ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ። ሁሉም የመሰለውን ተናገረ። ይህን ተክል በጣም ስለምወደው ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ዝንቧን የሚይዛት አበባው ነው»

አይደለም፣ ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ላይ ያሉት ፀጉሮች ጫፋቸው ላይ ጤዛ የመሰለ ሙጫ አላቸው። አበባው ከወጥመዱ ራቅ ብሎ ረጅም ዘንግ ላይ ይወጣል።

«ነጩ ታሟል፣ ወይ ምግብ አንሶታል»

ይህን ያለችው እማዬ ናት። ፈዛዛ ነገር ስታይ ሆዷ አይችልም። ነጩ ግን ጤነኛ ነው። የሮዙ ቀለም የሚመጣው አንቶሲያኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ነጩ ይህን ቀለም እንደ ሌላው አይሠራም፤ ከዘሩ የወረሰው ነው። ቅጠሉን ልብ ብላችሁ ብታዩት እዚያም ቀዩ ደብዝዟል። ከዚያ ውጭ ያድጋል፣ ያጠምዳል፣ ዘር ይሰጣል። ደግሞ አበባው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ የነጩ ዘር ሲዘራ ነጭ ይወጣል። ነጩ በአትክልት ወዳጆች ቤት የበዛውም በዚህ ነው። አንዱ ወደደው፣ ዘሩን ለቀመ፣ ለሌላው ሰጠ።

«ማዳበሪያ ቢቀየርለት ቀለሙ ይለወጣል»

ሐሳቡ ከሃይድራንጂያ የመጣ ይመስለኛል። እሷ አሲድ በበዛበት አፈር ላይ አሉሚኒየም ስታገኝ ወደ ሰማያዊ ትሄዳለች። ድሮሴራ እንዲህ አይደለም። ጠንከር ያለ ብርሃን ቅጠሉን ያቀላዋል፣ ነጩን አበባ ግን ሮዝ አያደርገውም። ማዳበሪያ አፈሩ ላይ ከተደረገ ሥሩን ይጎዳል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚሠራው የድሬ ውሃም አይስማማውም። የሚፈልገው የዝናብ ውሃ ነው።

«ቅጠሉ ቀይ ከሆነ አበባውም ይቀላል»

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ረግረጋማ ቦታ የሚበቅለው ድሮሴራ ሮቱንዲፎሊያ ቅጠሉ ቀይ፣ አበባው ነጭ ነው።

«ድሮሴራ ያው ሮዝና ነጭ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ወንድሜን ፎቶ በፎቶ አደረግሁት። የአውስትራሊያው ድሮሴራ ካሊስቶስ ብርቱካናማ ነው። ዚግዛጊያ ቢጫ፣ አዴሌ ደግሞ ጥቁር ቀይ። ከሁሉም የሚገርመኝ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ የሚበቅለው ድሮሴራ ሲስቲፍሎራ ነው። አንድ ዝርያ ሆኖ እንደ ቦታው ነጭ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ ደማቅ ቀይም ያብባል። እንዲህ ያለውን ዱር ላይ ማየት እመኛለሁ።

«ከኛ ቡገንቪሊያ ጋር ምን አገናኘው?»

አክስቴ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን እያየች ነው የጠየቀችው። ይገናኛሉ፤ በዕፅዋት አመዳደብ ሁለቱም አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ናቸው። ቀለማቸው ግን ይለያያል። የቡገንቪሊያው ቀለም ቤታሌይን ነው፣ ቀይ ሥርን የሚያቀላው ዓይነት። አንቶሲያኒንና ቤታሌይን በተፈጥሮ አንድ ተክል ላይ አብረው አይገኙም። ደግሞ የቡገንቪሊያው ደማቅ ክፍል አበባ ሳይሆን ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት።

እማዬ ስኒዋን አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። አንዱን ቀጥፋ መሃሉን ከፈት አድርጋ፣ «ይኸው ነጭ!» አለች።