ቀበቶው ሲወሰድስ?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም አየሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1956 የወጣ ነው። ፖል ኒውማን የኒውዮርኩን ቦክሰኛ ሮኪ ግራዚያኖን ሆኖ ይሠራበታል። ርዕሱ በእኛ አፍ «እዚያ ላይ የሚወደኝ አለ» እንደ ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ገና መጀመሪያው ነው። አባትየው ያልተሳካለት ቦክሰኛ ነበር። ሞቅ ብሎታል። ትንሹን ልጁን ጓደኞቹ እያዩ ቡጢ ያጋጥመዋል። ለእሱ ጨዋታ ነው። ልጁ ግን ፊቱን ተመቶ እያለቀሰ ወደ ጎዳና ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ሩጫው አልቆመም። ስርቆት፣ ማረሚያ ቤት፣ እስር። ውትድርና ሲገባ ደግሞ መኮንን መትቶ ጠፋ። «አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን አታስቁጡአቸው» የሚለውን ቃል ስንቴ እንደ ዋዛ አልፈነዋል!

«ቡጢና መንፈሳዊ ትምህርት ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ጳውሎስን ጠይቁት። «ነፋስን እንደሚጎስም ሁሉ እንዲሁ አልጋደልም» ያለው እሱ ነው (1ኛ ቆሮ. 9፥26)። መጎሰም! ነጋሪት የሚጎሰምበት ቃል እኮ ነው። እሱ የሚጎስመው ግን የገዛ ሥጋውን ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ሮኪ በ1946 በጊዜው ሻምፒዮን በነበረው በቶኒ ዜል ተዘረረ። በሐምሌ 1947 ቺካጎ ላይ በስድስተኛው ዙር አሸነፈውና የመካከለኛ ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰፈሩ በሰልፍ ተቀበለው። ያኔ ነው «እዚያ ላይ የሚወደኝ አለ» የሚለው። ደስ ይላል፤ እኔም እንባዬ መጥቷል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የተሸነፈው ዜልስ? እሱን የሚወደው የለም ማለት ነው?

ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል። ሕይወት ግን ቀጠለች። ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 1948፣ ዜል በሦስተኛው ዙር ዘርሮት የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ መልሶ ወሰደ።

እኛም ቤት ያለው ነገር ይኸው ነው። ቪዛው የወጣለት ማይክ ይዞ «ጌታ ይወደኛል» ብሎ ይመሰክራል። እልልታው ይቀልጣል። የተከለከለው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አብሮ ያጨበጭባል። ለእሱ ማይኩን የሰጠው ሰው አላየሁም። ጳውሎስ የፍቅሩን ማስረጃ ያገኘው ሌላ ቦታ ነው፦ «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና» (ሮሜ 5፥8)። ገና ሳለን! ከቀበቶው በፊት፣ ምናልባትም ያ ልጅ እያለቀሰ ሲሮጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግራዚያኖ የትውልድ ስሙ አይደለም። ሮኮ ባርቤላ ነበር። ከጦሩ ጠፍቶ ሳለ እንዳይያዝ ያወጣው ስም ነው። ይህን ሳስብ ያዕቆብ ትዝ አለኝ። እሱም በወንድሙ ስም «እኔ ዔሳው ነኝ» ብሎ በረከት ወስዶ የሸሸ ሰው ነው። ከዓመታት በኋላ በያቦቅ ወንዝ ማዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገለው ያደረው ሰው «ስምህ ማን ነው?» አለው። በዚህኛው ግን አልዋሸም። «ያዕቆብ ነኝ» አለ።

ያን ሌሊት በረከቱን ያገኘው ጭኑ ከተነካ በኋላ ነው። ጵኒኤልን ሲያልፍ ፀሐይ ወጣችበት፤ እሱም ያነክስ ነበር።