«መናፍቅ» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«መናፍቅ» ዛሬ እንደ ስድብ ይወረወራል፤ ሰው ሲከራከር ክርክሩን ለመዝጋት የሚያነሳው ቃል ሆኗል። የሚወረወርበት ብዙ ሰው ግን በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም መናፍቅ ሊሆን አይችልም። (ከታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ልዩ የሆነው በቦታው ተገልጿል።)

«መናፍቅ ማለት የሌላ ሃይማኖት ተከታይ ነው»

አይደለም። ሙስሊምን ወይም አይሁዳዊን በክርስትና ሕግ መናፍቅ ማለት አይቻልም። መናፍቅ የሚባለው ከውስጥ የሆነ ሰው ነው፤ ተጠምቆ፣ የክርስቲያንነት ስሙን ሳይጥል፣ ከትምህርቱ አንዱን ክፍል አልቀበልም የሚል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና 751 ሦስት ነገሮችን ለይቶ ያስቀምጣል። ኑፋቄ ከጥምቀት በኋላ ሊታመን የሚገባውን አንድ እውነት በግትርነት መካድ ወይም መጠራጠር ነው። ክህደት ክርስትናን ጨርሶ መተው ነው። መለየት ደግሞ ለሮሙ ጳጳስ አልገዛም፣ ወይም ከሚገዙለት ጋር አልተባበርም ማለት ነው። ስለዚህ ክርስትናን ትቶ የወጣ ሰው ከሃዲ ቢባል እንጂ መናፍቅ አይባልም። በእኛ ዘንድ ሁለቱ ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ይውላሉ።

«ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው»

ብዙዎች «ሙናፊቅ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እንዲህ ይገምታሉ። መናፍቅ ግን ግእዝ ነው። «ነፈቀ» ማለት ለሁለት ከፈለ፣ ገመሰ ነው፤ «ናፈቀ» ደግሞ ልቡ ተከፈለ፣ ተጠራጠረ። «ንፍቅ» ግማሽ ወይም ከፊል ነው። የጂኦግራፊ መጽሐፉ «ንፍቀ ክበብ» የሚለው የምድርን ግማሽ ነው፤ በቅዳሴ ጊዜ «ንፍቅ ቄስ» እና «ንፍቅ ዲያቆን» የሚባሉትም ከዋናው አገልጋይ ጎን የሚቆሙት ረዳቶች ናቸው። መናፍቅ እንግዲህ በእምነቱ የተከፈለ ሰው ነው።

እንዲያውም ቴዎዶር ኖልደኬን የመሰሉ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች የቁርኣኑ «ሙናፊቅ» ከግእዝ የተወሰደ ነው ይላሉ። የዐረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ግን ሁለት መውጫ ካለው የበረሃ አይጥ ጉድጓድ ስም ጋር ያያይዙታል። የትም ይምጣ፣ ሁለቱ ቃላት ዛሬ አንድ አይደሉም። ሙናፊቅ በአፉ አመንሁ እያለ በልቡ የማያምን ነው፤ 63ኛው ሱራ የተሰየመው በነሱ ነው። የክርስትናው መናፍቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያምነውን አይደብቅም። ወልድ ፍጡር ነው ያለው የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ትምህርቱን በግጥም አድርጎ እስከ ማሰራጨት ደርሷል።

«ኑፋቄ ከመጀመሪያውም ክፉ ቃል ነበር»

የግእዙ ቃል የሚተካው የግሪኩ «ሃይሬሲስ» መነሻው «ምርጫ» ነው፤ ከዚያም ሰው መርጦ የገባበት ጎራ። ገሌን የተባለው ሐኪም በ2ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ ቃል የጠራው የሕክምና ጎራዎችን ነበር፦ በልምድ የሚመሩትን፣ በምክንያት የሚመሩትንና «ዘዴ አለን» የሚሉትን። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ዮሴፍም ፈሪሳውያንን፣ ሰዱቃውያንንና ኤሴናውያንን በዚሁ ስም ይጠራል፤ ስድብ አላሰበም።

የሐዋርያት ሥራ ላይ ነገሩ ጎልቶ ይታያል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይኸው የግሪክ ቃል ለሰዱቃውያን (5፥17) እና ለፈሪሳውያን (15፥5) «ወገን» ተብሎ ሲተረጎም፣ ጳውሎስ ስለ ክርስቲያኖች ሲናገር (24፥14) «ኑፋቄ» ሆኗል። እዚያ ጳውሎስ ራሱ ተከሳሽ ነው። በሌላ በኩል በገላትያ 5፥20 እና በ2ኛ ጴጥሮስ 2፥1 ቃሉ መጥፎ ትርጉም መያዝ ጀምሯል፤ በ180 ገደማ የሊዮኑ ኤሬኔዎስ በመናፍቃን ላይ ሲጽፍ ጨርሶ የውግዘት ቃል ነበር።

«የተሳሳተ ሁሉ መናፍቅ ነው»

ስሕተት ብቻውን አይበቃም፤ ተመክሮ እምቢ ማለት ያስፈልጋል። ቲቶ 3፥10 አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ከተገሠጸ በኋላ ራቀው ይላል። ማርያም «ወላዲተ አምላክ» መባሏን የተቃወመውን የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ የንስጥሮስን ጉዳይ እንይ። በ430 ነሐሴ የሮሙ ጳጳስ ኬልስቲኖስ ደብዳቤው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ትምህርቱን እንዲተው ጻፈለት። የእስክንድርያው ቄርሎስ 12 ውግዘቶች ጨምሮ ላከ። በኤፌሶን ጉባኤ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልቀርብም አለ፤ ተሻረ። ጉባኤው ግን አንድ እንከን ነበረበት፦ ሰኔ 22 ቀን 431 የተከፈተው የአንጾኪያው ዮሐንስና ጳጳሳቱ ሳይደርሱ ነው። እነሱም ሲደርሱ ለብቻቸው ጉባኤ አድርገው ቄርሎስን ሻሩት። ዮሐንስና ቄርሎስ የታረቁት በ433 ነው።

«መናፍቅ ከጥንት ጀምሮ ይገደል ነበር»

አርዮስ በ325 ከኒቅያ በኋላ ተጋዘ እንጂ አልተገደለም። በክርስቲያን መንግሥት በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ተገደለ የሚባለው እስፓኛዊው ፕሪሲሊያን ነው፤ በ385 ገደማ በትሪየር። ያውም የተፈረደበት በጥንቆላ ክስ ነበር፤ የቱሩ ማርቲንና የሚላኑ አምብሮስም ነገሩን ተቃውመዋል።

«አንዴ የተወገዘ ለዘላለም የተወገዘ ነው»

እዚህ ላይ ምስክሩ የአገራችን ታሪክ ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን ከእሑድ ጋር እናከብራለን በማለታቸው ከግብፃውያን ጳጳሳት ጋር ተጣሉ፤ ከክህነት ተከለከሉ፣ ተሰደዱ። ኤዎስጣቴዎስ ራሱ በ1352 አርማንያ ላይ በስደት አረፈ። በ1404 ዐፄ ዳዊት ልማዳቸውን እንዲጠብቁ ፈቀዱ፤ በ1450 ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጠራው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የተሰደዱበት ትምህርት የመላው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆነ ማለት ነው። በምላሹ እነሱ ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ።

በዚያው ንጉሥ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት ለንጉሡ አንሰግድም በማለታቸው ክፉኛ ተቀጡ፤ የነሱ ጉዳይ እንደ ኤዎስጣቴዎሳውያን በአንድ ጉባኤ አልተዘጋም።