ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፦ ተረቱ፣ ሐረርና ኤምኤስ ሚባለው በሽታ

ይሄ ተረት ሲነሳ ሰው ሁሉ ቶሎ ትዝ ሚለው ጅቡ ነው፣ ተረቱ ግን ጣቱን ሚቀስረው ውሻው ላይ ነው። የገጠር ግቢ በእሾህ ይታጠራል አይደል፣ ውሻው ደሞ ለራሱ መውጫ መግቢያ እንዲመቸው ከስር እየሾለከ እየሾለከ አጥሩን ያሰፋዋል፣ ክፋት አስቦ አይደለም፣ ግን ማታ ጅብ ያቺን ቀዳዳ ያገኛታል፣ በቃ ፍየሏ አለቀላት። ወንድማማቾች በውርስ ተጣልተው አንዱ የቤቱን ገመና ደጅ ሲያወጣና ባዳ መሀል ገብቶ መሬቱን ሲቀራመት ሽማግሌዎች ይቺን ነው ሚሏት። ቀዳጁ ጠባቂው ራሱ ነው፣ ሚያንገበግበውም እሱ ነው።

እኛ ሐረር ደሞ ትንሽ ለየት ብሎ ነው ሚገባን። የጀጎል ግንብ ላይ ጅብ ሚገባበት የታወቀ ቀዳዳ አለ፣ ማታ ገብቶ ቆሻሻውን ለቅሞ ሳይነጋ ይወጣል፣ ማንም አይደነግጥም። የታወቀ ቀዳዳና የተቀደደ አጥር አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ውጭ ሀገር ያለች የአክስቴ ልጅ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ባጭሩ ኤምኤስ) ካለባት ወዲህ ስለበሽታው ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ ባነበብኩ ቁጥር ሚመጣብኝ ይሄ ተረት ነው። በሽታው የሰውነት የገዛ መከላከያ ሴሎች አእምሮና ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለውን የነርቭ ሽፋን፣ ማየሊን ሚሉትን፣ ሲያጠቁ ሚመጣ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ባለው እድሜ ይጀምራል፣ ሴቶችን ደሞ ከወንዶች በጣም ይበልጥ ይይዛል። የአእምሮ ደም ስሮች ግድግዳቸው ጥብቅ ነው፣ ለጥበቃ ጥቂት ሴል ብቻ ነው ሚያሳልፉት። ኤምኤስ ላይ ግን ቲኤች 17 ሚባሉ፣ ከመከላከያ ሴሎቹ ወገን የሆኑ ቁጡ ቲ ሴሎች ግድግዳውን ያላሉታል፣ ከዛ ከደም ውስጥ ሌሎች ሴሎች ግር ብለው ይገቡና ማየሊኑን ይበሉታል፣ በቁሙ ይበሉታል።

ታዲያ ውሻውን ማን አስቀደደው? እዚህ ጋ ነው ማይክሮ አርኤንኤ ሚመጣው። 22 ገደማ ፊደል ብቻ ያላት ቁራጭ አርኤንኤ (ሴል ውስጥ ያለ ዲኤንኤ መሰል ሞለኪውል) ናት፣ ፕሮቲን አትሰራም፣ ስራዋ የሌላ ጂን መልእክት ላይ ተለጥፋ ማፈን ነው። የመጀመሪያዋ በ1993 ትንሽዬ ትል ላይ ተገኘች፣ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን በ2024 ኖቤል የተሸለሙት በሷ ነው። ሚር 326 ሚሏት ማይክሮ አርኤንኤ ቲ ሴሉ ቲኤች 17 እንዳይሆን ሚይዘውን ኢቲኤስ 1 ሚባል ፕሮቲን ታፍነዋለች፣ ልጓሙን ትፈታዋለች በሉት። ሚር 155 ደሞ ሴሎቹንም ታነሳሳለች፣ የደም ስሩን ግድግዳም ታላላለች፣ እሷ የሌለቻቸው አይጦች ኤምኤስ መሰሉን በሽታ ሊያሲዟቸው ሲሞክሩ ቀለል ብሎ ነው ሚይዛቸው። በጣም ያስገረመኝ ግን በ2009 ከታማሚዎች አእምሮ ቁስል ላይ የታየው ነው፣ 155ም 326ም 34ኤ ሚባለውም እዛ ጨምረው ነው የተገኙት፣ ሶስቱም ሲዲ 47ን ያፍናሉ፣ ሲዲ 47 ደሞ ሴል በላዩ ይዞት «እኔን አትብላ» ሚልበት ምልክት ነው፣ እሱ ሲቀንስ በላተኛው ሴል ማንም አይከለክለውም።

እንግዲህ 155ን በመድሀኒት ዝም ማስባል ነዋ ትሉ ይሆናል፣ ግን ያቺው 155 ኢንፌክሽን ለመከላከልም ታስፈልጋለች፣ ስለዚ ነገሩ ቀላል አይደለም። ግድግዳውን መዝጋትም እንደዛው ነው፦ በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ናታሊዙማብ ቲ ሴሎች ወደ አእምሮ እንዳይሻገሩ ያግዳል፣ ለብዙ ሰው በደንብ ሰርቷል፣ ነገር ግን ጥበቃው ጭራሽ ሲቀር ጄሲ ሚባል ቫይረስ አእምሮ ውስጥ ሊነሳ ይችላል፣ ለዛ ነው መድሀኒቱን ሚወስዱ ሰዎች የቫይረሱ ምርመራ ሚደረግላቸው፣ ኤምአርአይም በየጊዜው ሚነሱት።