የዓሣ ዝርያ ስብጥር ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ገበያ ወጥቶ ዓሣ የሚገዛ ሰው ሦስት ስም ካወቀ ይበቃዋል፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ከጣና የሚወጣው ምርት ሲመዘገብም በአብዛኛው የሚከፈለው በእነዚሁ ሦስቱ ነው። ቀረሶ አንድ ዝርያ ነው፤ አምባዛም አንድ። ነጭ ዓሣ በሚለው ስም ሥር ግን 15 ገደማ ዝርያዎች ተጠቃለው ይሸጣሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና ውጭ በዓለም የትም አይገኙም። ከእነዚህ አንዱ ጨርሶ ቢጠፋ፣ የነጭ ዓሣው ኪሎ እስካልወረደ ድረስ መዝገቡ አንዳች አያሳይም። የዝርያ ስብጥር የሚባለው መለኪያ ያስፈለገው እንዲህ ያለውን ጉዳት ኪሎ ስለማይናገር ነው።

ስብጥር ሲባል ሁለት ነገር አብሮ ይታያል። አንዱ በአንድ ውሃ ውስጥ ስንት ዝርያ አለ የሚለው ነው። ሌላው እያንዳንዱ ዝርያ ከጠቅላላው ምን ያህል ድርሻ አለው የሚለው። ሁለት ሐይቆች ላይ መረብ ጥለን ከእያንዳንዳቸው 100 ዓሣ አወጣን እንበል፤ ከሁለቱም የተገኘው አራት አራት ዝርያ ነው። በመጀመሪያው አራቱም ዝርያዎች 25 25 ሆነው ወጡ። በሁለተኛው 97ቱ ቀረሶ፣ የቀሩት ሦስቱ ዝርያዎች አንድ አንድ ብቻ። የዝርያው ቁጥር እኩል ነው፣ የዓሣውም ብዛት እኩል ነው፣ ሐይቆቹ ግን በምንም አይመሳሰሉም። ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበት የሻነን ቀመር ለመጀመሪያው 1.39፣ ለሁለተኛው 0.17 ይሰጣል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ስብጥሩ ሰፊ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ሐይቅ ሦስት ዝርያዎቹን ለማጣት አንድ ክፉ ዓመት ሊበቃው ይችላል።

ብዛት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ስብጥር ሲወርድ ብዛት ሊጨምር ይችላል። ይህ በቪክቶሪያ ሐይቅ በገሃድ የታየ ነው። ሐይቁ ከ500 የሚበልጡ ትንንሽ የሲክሊድ (የቀረሶ ወገን) ዝርያዎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የተባለው ግዙፍ ሥጋ በል ዓሣ ገባበት፤ በ1980ዎቹ ተባዝቶ ሐይቁን ሞላው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችም ከመረብ ጠፉ። የተወሰኑት ኋላ ላይ እንደገና ታይተዋል፣ ብዙዎቹ ግን በዚያው ቀሩ። የዓሣው ምርት በበኩሉ በ1970ዎቹ ከነበረበት 100 ሺህ ቶን ገደማ ተነሥቶ በ1990 አካባቢ 500 ሺህ ቶን ደረሰ። ፋብሪካዎች ተከፈቱ፣ ሥጋው ወደ አውሮፓ ተላከ። በቶን ብቻ የሚያይ ሰው ያንን ዘመን የብልጽግና ዘመን ብሎ ይጽፈዋል።

ሞቃታማው የዓለም ክፍል በዓሣ ዝርያ የታወቀ ነው፤ በአማዞን ተፋሰስ ብቻ ከ2,000 በላይ ተመዝግበዋል። ይሁንና ሙቀት ብቻውን ዝርያ አያበዛም። ውሃው ከየትኛው ውሃ ጋር እንደሚገናኝና ከስንት ዘመን ጀምሮ እንደተለየ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በአገራችን የባሮ አኮቦ ተፋሰስ ከ100 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት ጣና ያሉት 30 እንኳ አይሞሉም። ባሮ በጋምቤላ ሜዳ ላይ እየተንጣለለ ወርዶ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ የዓባይ ዓሦች ሽቅብ ይዋኙበታል። ጣናን ግን ከታችኛው ዓባይ የለየው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከሥሩ ያለ ዓሣ ሊወጣው አይችልም።

ይህ መለየት ነው ጣናን ውድ ያደረገው። ከሐይቁ ወለል የተወሰደ ጭቃ እንደሚያሳየው ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ ነበር። ተመልሶ ሲሞላ፣ ከወንዞቹ የመጡ የባርበስ ወገን ዓሦች፣ ማለትም ገበያው ነጭ ዓሣ የሚላቸው፣ አዲስ ሰፊ ውሃ አገኙና እንደ ምግባቸው ተከፋፈሉ። አንዱ፣ ብሬቪሴፋለስ የሚባለው፣ ገላጣ ውሃ ላይ ጥቃቅን የውሃ እንስሳትን እያጣራ ይበላል። ጎርጎሬንሲስ ጎሮሮው ውስጥ ባሉ ጠንካራ ጥርሶች ቀንድ አውጣ ያደቅቃል። ኔድጂያ ከንፈሩ ወፍራም ሥጋ ነው፤ በእሱ ከወለሉ ላይ እጭ እየመጠጠ ያወጣል። ሱርኪስ የውሃ ዕፅዋት ይመገባል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ስምንቱ ዓሣ በል መሆናቸው ነው። የዚህ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጨጓራም የላቸውም፤ ለአዳኝነት የተፈጠሩ አይመስሉም። ጣና ውስጥ ግን አፋቸው ሰፍቶ፣ አካላቸው ረዝሞ አዳኝ ሆነዋል።

እነዚህ ሁሉ በወረቀት ላይ ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ተቆጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ኪት ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኙ በርካታ ትልልቅ ባርበሶችን፣ የጣናዎቹን ጨምሮ፣ ወደ አንድ ዝርያ አጠቃለላቸው። በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድስ የመጡት ናግልከርከና ሲቢንግ የአካላቸውን ቅርጽ፣ ምግባቸውንና የሚኖሩበትን የሐይቁን ክፍል እየለኩ እንደገና ለዩዋቸው። ሐይቁ ያው ሐይቅ፣ ዓሣው ያው ዓሣ፤ በስብጥር ሠንጠረዥ ላይ ግን አንድ የነበረው 15 ሆነ። ስለዚህ የማንኛውንም ውሃ የስብጥር ቁጥር ስናይ፣ ዓሦቹን ማን በምን መስፈርት ለይቶ ቆጠራቸው ብለን መጠየቅ አለብን።

ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅም እንዲሁ ራሱ ያፈራቸው የዚሁ ወገን ዝርያዎች ነበሩት። ከውጭ በገቡ ዓሦችና በብርቱ አጠማመድ ተመናመኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱ መጥፋታቸውን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተከፋፍሎ እስካሁን የኖረ የትልልቅ ባርበሶች ስብስብ የሚታወቀው በጣና ነው።

ዓሣ በዓይን ስለማይታይ ብዛቱ የሚለካው በንጽጽር ነው። የዓይኑ ስፋት የታወቀ መረብ፣ በታወቀ ቦታ፣ ለታወቀ ሰዓት ተጥሎ የወጣው ይቆጠራል፤ በሌላ ዓመት ያው መረብ እዚያው ቦታ ለእኩል ሰዓት ይጣላል። ይህን ማድረግ ግድ ነው። የአጥማጁ ቁጥር በእጥፍ ጨምሮ ምርቱ ባለበት ከቆመ፣ እያንዳንዱ መረብ የሚያገኘው በግማሽ ወርዷል ማለት ነውና። ጣና ላይ በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የተወሰዱ ልኬቶች ሲነጻጸሩ፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። የለጋዎቹ መውረድ ከዚያም የባሰ ነበር።

ምክንያቱ የአረባባቸው ነገር ነው። ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች በክረምት ከሐይቁ ተነሥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባሮች ይወጣሉ። ሐምሌ ላይ ወንዞቹ አፍ ላይ ይሰባሰባሉ፤ ከዚያ እየተከታተሉ፣ ጠጠር ያለበትና ጥሩ አየር ያገኘ ጥርት ያለ ጅረት ፍለጋ ሽቅብ ይጓዛሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። አጥማጅም ይህን ያውቃል። መረቡ ወንዙ አፍ ላይ ሲዘረጋ የሚያዘው እንቁላል የተሸከመች እናት ናት። ወደ ላይኛው ወንዝ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ በመበተን ዓሣ የማደንዘዝ የቆየ ልማድ አለ፤ ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ፣ ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠር፣ ርብ ላይ የተሠራው ግድብ ተጨምረውበታል። ቀረሶ ይህ ሁሉ አያገኘውም። እዚያው ሐይቁ ዳር ይራባል፣ እናቲቱም ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ነጭ ዓሣው በዝግታ ያድጋል፣ ለመራባት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሲራባም በአንድ ወቅት በአንድ ቦታ ይከማቻል።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የጣና ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚወራው እምቦጭ ነው፤ ተገቢም ነው፣ ዳር ዳሩን ሸፍኖ የቀረሶን መራቢያ ይዘጋልና። ገንዘቡም የሰው ጉልበቱም ግን ወደ አረሙ ብቻ ሲሄድ ያሳስበኛል። የነጭ ዓሦቹ መመናመን እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከመታየቱ ቢያንስ አሥር ዓመት ቀድሞ የተለካ ነው። አረሙ እስከ መጨረሻዋ ቅጠል ቢነቀል እንኳ፣ ጉማራ አፍ ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘረጋው መረብ ካልተነሣ ዓሦቹ ወደ ጠጠሩ መድረስ አይችሉም።