የኩባ ሚሳኤል ቀውስ ውሳኔዎች

የኩባ ሚሳኤል ቀውስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1962 አሜሪካንና ሶቪየት ኅብረትን ኒውክሌር ጦርነት አፋፍ ላይ ያደረሰ ፍጥጫ ሲሆን፣ መሪዎች በጦርነትና በዲፕሎማሲ ጉዳይ እንዴት እንደሚወስኑ ለሚመረምሩ ሰዎች ዋነኛ ማጣቀሻ ሆኖ ቆይቷል።

ኦክቶበር 14 ቀን አንድ ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን ያነሳቸው ፎቶግራፎች በኩባ የሶቪየት ሚሳኤሎች እየተተከሉ መሆናቸውን አሳዩ። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ጉዳዩ ኦክቶበር 16 ጠዋት ሲነገራቸው ለሕዝብ ይፋ ሳያደርጉ አማካሪዎቻቸውን ሰብስበው ለስድስት ቀናት ያህል በምስጢር መከሩ። ለውሳኔው መብሰል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ ፋታ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ፕሬዚዳንቱን ጨምሮ አብዛኞቹ ያዘነበሉት ወደ አየር ድብደባ ነበርና፣ ያን ዕለት ቁርጡን ተናገሩ ቢባሉ ኖሮ ምን ያዝዙ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ኤታማዦር ሹሞቹ በድብደባው ቢጸኑም፣ አየር ኃይሉ ሚሳኤሎቹን በሙሉ ለማውደሙ ዋስትና መስጠት አልቻለም፤ ከድብደባው የሚተርፍ አንድ ሚሳኤል ደግሞ አንድ ከተማ ለማጥፋት ይበቃል። ስለዚህ የባሕር እገዳ ተመረጠ፤ እገዳ በዓለም አቀፍ ሕግ የጦርነት ድርጊት ስለሚባልም «ኳራንቲን» የሚል ስም ወጣለት።

ከሁሉም የከፋው ዕለት ኦክቶበር 27 ነበር። የሶቪየት ኅብረት መሪ ኒኪታ ክሩስቾቭ ባለፈው ቀን «ኩባን አንወርም ካላችሁ ሚሳኤሎቹን እናነሳለን» የሚል መልእክት ልከው ሳለ፣ በማግስቱ በቱርክ የተተከሉት የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳኤሎችም እንዲነሱ ጠየቁ። ያኑ ዕለት በኩባ የነበሩ የሶቪየት መኮንኖች የሞስኮን ፈቃድ ሳይጠብቁ አንድ ዩ-2 መትተው ጣሉ፤ አብራሪውም ሞተ። በባሕሩም በኩል የአሜሪካ መርከቦች ቢ-59 የተባለችውን የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ወደ ላይ እንድትወጣ ሲያስገድዱ ኒውክሌር ቶርፔዶ መያዟን አያውቁም ነበር። በኩባ ከ40,000 በላይ የሶቪየት ወታደሮችና ለጦር ሜዳ የተዘጋጁ ኒውክሌር መሣሪያዎች መኖራቸው የታወቀውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ወረራ ይደረግ ይሉ የነበሩት አማካሪዎች ወታደሮቻቸውን ወደ ምን ሊልኩ እንደነበር አልተረዱም።

በዚያው ምሽት የፕሬዚዳንቱ ወንድምና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ኬኔዲ ከሶቪየቱ አምባሳደር አናቶሊ ዶብሪኒን ጋር ተገናኝተው፣ በምስጢር እስከተያዘ ድረስ የጁፒተር ሚሳኤሎቹ እንደሚነሱ ቃል ገቡ። ክሩስቾቭ በማግስቱ ሚሳኤሎቻቸውን እንደሚያነሱ አስታወቁ፤ የቱርኮቹም በ1963 ተነሱ። ይሁንና ስምምነቱ በመደበቁ ብዙዎች ክሩስቾቭን ያንበረከካቸው የአሜሪካ ጽናት ብቻ እንደሆነ አመኑ። በኋላ የቬትናምን ጦርነት ያሰፉት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሊንደን ጆንሰንም ስለ ቃሉ ከተነገራቸው ጥቂት ሰዎች መካከል አልነበሩም።