ከጨረር ሕክምና በኋላ የአንገት ደም ቅዳን በአልትራሳውንድ ማየት

የጨረር ሕክምና ካንሰሩን ሲመታ በመንገዱ ያለውን ደም ቅዳም ይነካል። ለአንገትና ለጭንቅላት ካንሰር ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ለሳምንታት ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሁለቱ የአንገት ደም ቅዳዎችም ድርሻቸው ይደርሳቸዋል። የውስጥ ሽፋናቸው ይጎዳል፣ የሚለጠጠው ግድግዳቸውም በጠባሳ እየተተካ ይደድራል። መጥበብና ስትሮክ ሊከተሉ የሚችሉት ከዓመታት በኋላ ነው። መደደሩ ግን ቀድሞ ሊታይ ይችላል።

እኛ ሰሜን ሸዋ አልትራሳውንድ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው እርግዝና ነው። አንገትም በዚያው መሣሪያ ይታያል። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፣ ጋቢውን ከአንገቱ ገለጥ ያደርጋል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናትና ለምርመራው የሚቀባው ጄል ሲያርፍበት ክው ማለቱ አይቀርም። ስክሪኑ ላይ የደም ቅዳው ግድግዳ ሁለት ነጫጭ መስመሮች ሆኖ ይወጣል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ውፍረቱን ይነግራል።

ውፍረት ብቻውን ግን ድድርናን አያሳይም። ጤናማ ደም ቅዳ በእያንዳንዱ የልብ ምት ሰፋ ይልና ይመለሳል፣ ለውጡ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ እጅ መርጋት አለበት። ባለሙያው በሰፋበትና በጠበበበት ሰዓት ስፋቱን ይለካል፣ ከዚያው ሰዓት የደም ግፊት ጋር ያሰላዋል። ግፊቱ ካልተለካ ስሌቱ ዋጋ የለውም። ፈጣን ምስል የሚያነሱ ዘመናዊ መሣሪያዎች ደግሞ የልብ ምት በደም ቅዳው ላይ የሚልከውን ሞገድ ፍጥነት ይለካሉ፦ ግድግዳው በደደረ ቁጥር ሞገዱ ይፈጥናል። ጨረሩ ባንድ ጎን ብቻ ከሆነ ሌላኛው ጎን ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው።

ደረት ላይ የሚሰጥ ጨረር የልብ ደም ቅዳዎችንም ሊጎዳ ይችላል፣ እነሱን ግን በዚህ መንገድ ማየት ይከብዳል።

ምርመራው መቼ ይጀመር፣ በየስንት ጊዜው ይደገም የሚለው አንድ ወጥ ስምምነት የለውም። ግፊትን፣ ስኳርን፣ ኮሌስትሮልንና ሲጋራን መቆጣጠር ግን አያከራክርም።

ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ የመንዝም የአንኮበርም ታካሚ ወደዚያው ነበር የሚወርደው። ክትትሉ ግን 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ አይደለም፤ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የሚጠራ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ያላት ደብረ ብርሃን ይህ አያቅታትም። ታካሚው የሕክምና ወረቀቱን ይያዝ፦ ጨረሩ በየትኛው ጎን፣ ስንት ግሬይ፣ መቼ እንደተሰጠ የተጻፈበትን።